ጌጤ ይቅርታ አትልም

እህቴ ጌጤ በዕድሜ ታንሰኛለች፤ በምላስ ግን ትበልጠኛለች። የኔን ምላስ የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። እሷ ደብረ ብርሃን፣ እኔ ናይሮቢ፣ ሳውዝ ሲ በሚሉት ሰፈር፣ ከልጄ ከብሩክታዊት ቤት። የሚያገናኘን ስልክ ነበር። በየቀኑ ድምፅ ትልክልኛለች፣ በየቀኑ ድምፅ እልክላታለሁ፤ ተሰዳድበን እንውላለን።

ፊደል አልቆጠርኩም። አላፍርበትም፤ የቆጠሩትንም አይቻቸዋለሁ። ይህንንም የምጽፈው በአፌ ነው፤ እኔ እናገራለሁ፣ ስልኩ ይጽፋል፣ መልሶ ያነብልኛል። ሲሳሳት እሰድበዋለሁ፣ ያርማል። እንደሱ ያለ ታዛዥ ልጅ አልወለድኩም።

ስልክ ያስተማረችኝ የልጅ ልጄ ያኤል ናት። እዚሁ ተወልዳ እዚሁ ያደገች፣ አማርኛዋ እንደ ድሪቶ የተጣጣፈ፤ ግማሹ እንግሊዝኛ፣ ግማሹ ስዋሂሊ። «ሾሾ» ትለኛለች፤ አያቴ ማለቷ ነው። ልቧ ግን ቅቤ ነው። የዚህ አገር ልጆች ሁሉ እንዲህ ናቸው፤ አንቺ ረግጠሻቸው እነሱ «ፖሌ» ብለው ይቅርታ ይጠይቁሻል። ያኤልም እንቅፋት ሲመታኝ «ፖሌ ሾሾ»፣ ሻይ ሲያቃጥለኝ «ፖሌ ሾሾ»።

«ድንጋዩን አንቺ ነሽ ያስቀመጥሽው?» እላታለሁ።

«አይ።»

«ታዲያ ምን አጠፋሽና ይቅርታ ትያለሽ?»

ትስቅና ደግማ፣ «ፖሌ» ትለኛለች።

ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሶፋው ላይ ከጎኔ ትቀመጥና ስልኩ ውስጥ ያለውን ጉድ ሁሉ ታሳየኛለች። የመድኃኒቱን ካርቶን ፎቶ ሳነሳው በአማርኛ የሚያነብልኝ አለ፤ ከዚያ ወዲህ «ይሄ የጠዋት ነው የማታ?» ብዬ ማንንም ለምኜ አላውቅም። ዓለምን እንደ ብርቱካን እያሽከረከርሽ፣ ጣትሽ ያረፈበትን አገር ሬዲዮ የምትሰሚበትም አለ። አንድ ቀን ጣቴ ባሕር መሀል ያለች ደሴት ላይ አረፈና አንድ ሰውዬ በማላውቀው ቋንቋ እንደ መሪጌታ እያዜመ ሲያወራ አገኘሁት። ያኤል አስተርጉማ፣ «ለዓሣ አጥማጆች ስለ ነፋሱ እየነገራቸው ነው» አለችኝ። ከሁሉ የወደድኩት ግን የዝሆኖቹን ነው። እዚሁ ኬንያ ውስጥ አንድ ኩሬ አጠገብ ካሜራ ተክለው ትተውታል። ዝሆን ከመጣ ዝሆን ታያለሽ፤ ካልመጣ ውሃውን እያየሽ ትውያለሽ። ይህን ያህል ዘመን አገሩ ውስጥ ስኖር ያላየሁትን ዝሆን ሶፋ ላይ ተቀምጬ አየሁ።

ይህን ሁሉ ለጌጤ እነግራታለሁ። የጌጤ ቤት ከወፍጮ ቤት ጋር ግድግዳ ይጋራል፤ መልሷ ሁልጊዜ ከወፍጮው ጩኸት ጋር ነው የሚመጣው።

«ሥራ ፈት!» ትለኛለች። «ዝሆን ስትጠብቂ ወጥሽ አረረ። ለመሆኑ ዝሆኑ አንቺን ቢያይ ምን ይል ይሆን?»

ልቧን የታመመችው ከፋሲካ በኋላ ነው። እግሯ አበጠ፣ ከአልጋ ዋለች። ሄጄ እንዳላያት የመኖሪያ ወረቀቴ እድሳት ላይ ነበር፤ ከወጣሽ አትመለሺም አሉኝ። ስለዚህ ድምፅዋን እጠብቅ ነበር። ከሰደበችኝ ደህና አድራለች ማለት ነው፤ ሌላ ሐኪም አያስፈልገኝም።

ሐምሌ ከተጋመሰ በኋላ ድምፅዋ ጠፋ።

«ኔትወርክ ተበላሽቶ ነው እማዬ» አለችኝ ብሩክታዊት፣ ፊቷን ወደ ፍሪጁ አዙራ።

ሰነባብቶ መጣ። እኔ ስልኬ ላይ ሰው የምለየው በፎቶው ነው። የጌጤ ፎቶ ብቅ ሲል ተሻምቼ ነካሁት።

«ጥሩዬ፣ እንዴት ሰነበትሽ? እኔ ደህና ነኝ፣ ተሽሎኛል። ናፍቀሽኛል።»

ድምፁ የሷ ነው፤ ያው ጎርናናው። ጓዳ ገብቼ ዓይኔን በቀሚሴ ጫፍ ጠረግኩ። ናፍቀሽኛል ብላኝ አታውቅም። ወደዚህ ስመጣ እንኳ፣ «ሂጂ፣ ቤቱ አየር ይገባዋል» ብላ ነው የሸኘችኝ። በሽታ ሰውን ያለዝባል አልኩ። ያኤልን ጠርቼ አሰማኋት። አንገቷን ደፍታ አዳመጠችና፣ «ቆንጆ ነው ሾሾ» ብላኝ ተነሥታ ሄደች።

ከዚያ ወዲህ ጌጤ ማር ሆነች። ስሰድባት ትመርቀኛለች። ነገር ስፈልጋት «እግዜር ይስጥልኝ» ትላለች። ጨዋታው ሁሉ ፈዘዘብኝ፤ ግን በሕይወት አለች፣ ሌላ ምን እፈልጋለሁ? በዚያው ሰሞን ብሩክታዊት ጥቁር ሻሽ አሰረች። «ራሴን አሞኝ ነው» አለች። ጎረቤታችን ሙርሺዳም ሰላም ስትለኝ እጄን ያለወትሮዋ ይዛው ቆየች። አይቻለሁ። አይቼ ዝም አልኩ።

ፍልሰታ ገባ። ብሩክታዊት ካገባች ወዲህ ጴንጤ ሆናለች፤ ልጇም የኛን ጾም አታውቀውም። በዚያ ቤት የምጾም እኔ ብቻ ነኝ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ሱኩማ የሚሉትን ጎመናቸውን ጭኔ ላይ አድርጌ እየቀነጠስኩ ሳለ የጌጤ ፎቶ መጣ።

«ጥሩዬ፣ ዛሬ ጠዋት ትኩስ ወተት ጠጣሁ፣ ጉልበት አገኘሁ። አታስቢ።»

ወተት! በፍልሰታ! ፍልሰታን በኛ አገር ሕፃን ልጅ እንኳ ይጾመዋል። ጌጤ አራስ ሆና የጾመች ናት፤ ቄሱ «ብዪ» ቢሏት ቄሱን ገሥጻ የመለሰች። ደሜ ፈላ። ስልኩን አፌ ላይ ደቀንኩት።

«አንቺ ሆዳም! የእመቤታችንን ጾም በወተት ሻርሽው? ሞትን ፈርተሽ ነው? ያንቺን ፊት ያየ ሞት እንደሆነ ራሱ ፈርቶ ይመለሳል! እናታችን ብትሰማ ከመቃብሯ ተነሥታ በጥፊ ታጮልሽ ነበር!»

ላክሁና ተደላድዬ ተቀመጥኩ። ለእንዲህ ያለው ነገር የጌጤ መልስ መብረቅ ነው። ደስ እያለኝ ጠበቅኩ፤ ከስንት ጊዜ በኋላ ልሰደብ ነው።

መጣ።

«ይቅርታ እህቴ። እውነትሽን ነው። ሁለተኛ አይለመደኝም።»

ጎመኑ ከጭኔ ላይ ተንሸራቶ ወደቀ።

ጌጤ ይቅርታ አትልም። ልጆች ሆነን እንስራዬን ሰብራ፣ «ማን መንገድ ላይ አስቀምጪ አለሽ?» ያለችኝ ናት። በሠርጌ ቀን ቀሚሴ ላይ ጠላ ደፍታ፣ «አሁን ገና አማረብሽ» ያለች ናት። ንስሐ ስትገባ እንኳ የሰውን ኃጢአት ነግራ የምትመለስ ነው የሚመስለኝ። ይህች ሴት በሕይወት ሳለች ያ ቃል ከአፏ አይወጣም።

መሞቷን ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው።

መልሼ ከፈትኩት። ደግሜ፣ ደጋግሜ። ወፍጮ የለም። ሳል የለም። በቃልና በቃል መካከል የምትስበው ያ የሚያፏጭ ትንፋሽ የለም። ድምፁ የሷ ነው፤ ውስጡ ሰው የለም። በኛ ቤት ደግሞ ላጠፋውም ላላጠፋውም ይቅርታ የሚለው ማን እንደሆነ አውቃለሁ።

ተነሥቼ ያኤል ክፍል በር ላይ ቆምኩ። ስልኩን ወደ አፌ አስጠጋሁና በሹክሹክታ፣ «ጌጤ፣ አለሽ?» ብዬ ላክሁ።

ትንሽ ቆይቶ ከበሩ ወዲያ የገዛ ድምፄ፣ «ጌጤ፣ አለሽ?» ሲል ሰማሁት።

በሩን ገፋሁት። ልጅቷ አልጋዋ ላይ ስልኳን እንደያዘች ደርቃ ቀረች።

«መቼ ነው?» አልኳት።

«ሾሾ... ፖሌ...»

«ፖሌሽን ለራስሽ ያዢው! መቼ ነው የሞተችው?»

ለቅሶዋ ቀደማት። «ማሚ ናት አትንገሪ ያለችኝ፣ አንክል ታዴዎስ እስኪመጣ። አንቺ ደግሞ ኤቭሪ ደይ ስልኩን እያየሽ... አልቻልኩም። ዌብሳይት አለ ሾሾ። የሰው ድምፅ ትሰጪዋለሽ፣ ከዚያ የጻፍሽውን አማርኛውን አርሞ በዚያ ድምፅ ያነበዋል። ሰዎች ለጨዋታ ነው የሚጠቀሙት። ሌላ ላይን፣ አዲስ ቁጥር፣ አወጣሁና የሷን ፎቶ አደረግኩበት። አንድ ቀን ብቻ ነበር የፈለግኩት። ከዚያ አንቺ ደስ አለሽ።»

«እናትሽ ታውቃለች?»

«ስታውቅ ተቆጣች። ከዚያ አንቺ ስትስቂ አየችና ዝም አለች።»

ብሩክታዊት ኢምባካሲ ካለው የጭነት መጋዘን፣ ከሥራዋ ስትመለስ ሳሎን መሀል ተቀምጬ አገኘችኝ። አንድ ጊዜ አየችኝና ቦርሳዋ ከእጇ ወደቀ።

«እማዬ፣ ብቻሽን እንዳትሰሚ ብለን ነው። ደምሽ ከፍ ይላል። ታዴዎስ ይምጣ፣ ሰው ይሰብሰብ ብለን ነው።» ታዴዎስ ወንድ ልጄ ነው፤ ጭነት መኪና ይነዳል፣ ጁባ ላይ መንገድ ተዘግቶበት ነበር። «ደሞ መርዶ በስልክ አይነገርም ብለሽ ያስተማርሽን አንቺው ነሽ!»

«መርዶ በስልክ አይነገርም አልኩ እንጂ ሬሳ በስልክ ያውራ አልኩ?»

ያኤል በሩ ሥር ቆማ ጥፍሯን ትበላለች።

«መቼ ተቀበረች?»

«የገብርኤል ማግስት።»

የገብርኤልን ማግስት አስታወስኩት። ዝሆኖቹ ከነግልገላቸው ወደ ኩሬው መጥተው ግልገሉ ጭቃው ላይ ተንሸራቶ በቂጡ ቁጭ አለ፤ እናቱ በኩምቢዋ እየገፋች ስታነሳው እኔ እንባዬ እስኪመጣ ስስቅ ዋልኩ። ለጌጤም ይሄን እዪ ብዬ ልኬላት ነበር። እህቴን አፈር ሲያለብሷት ነው እኔ ስስቅ የዋልኩት።

ብሩክታዊት ልታቅፈኝ መጣች። እጇን ገፋሁት።

«አሁን አላለቅስም። እህቴ እንዲህ ጎመን ስቀነጥስ መርዶዋን የምሰማላት ሴት አይደለችም። በወጉ አርዱኝ። ነገ ጎሕ ሲቀድ ሰው ይዘሽ ነይ። በሩን አንኳኩ፣ እከፍታለሁ።»

እንዳልኩት አደረጉ። ሰማዩ ሲገረጣ አንኳኩ። ነጠላዬን ዘቅዝቄ ለብሼ ነበር የጠበቅኳቸው። የኛም ቤተ ክርስቲያን ሰዎች፣ የብሩክታዊትም ጸሎት ቤት ሰዎች፣ ሙርሺዳም ሻርፗን ተከናንባ፤ ከፊታቸው ምግብ ቤት ያለው ሽማግሌው ያዕቆብ። ማወቄን ያውቃሉ። ማወቃቸውን አውቃለሁ። ቢሆንም ያዕቆብ ጉሮሮውን ጠረገና፣ «እትዬ ጥሩወርቅ፣ የእግዚአብሔር ፈቃድ ሆኖ...» ብሎ ጀመረ።

«ማን?» አልኩ፣ እንዳልሰማ ሰው።

«እህትዎ ጌጤ።»

ያን ጊዜ ነው የመጣብኝ። ምን እንዳልኩ አላውቅም። ደረቴን እንዳልደቃ ሙርሺዳ ሁለት እጄን ጨብጣ እንደነበር ብቻ ትዝ ይለኛል። ያኤል ሙሾ አታውቅ፣ ዋይታ አታውቅ፤ ጥግ ላይ ቆማ እንደ ፈረንጅ ድምፅ ሳታሰማ ታለቅስ ነበር።

ሰልስቱ አልፎ ሰው ሲበተን ያኤልን ጠርቼ ስልኬን ሰጠኋት።

«የውሸቱን ሁሉ አጥፊ።»

እያሰማችኝ አጠፋች። የመጀመሪያው ላይ፣ ናፍቀሽኛል የሚለው ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ።

«ይሄንንም?»

«እዚህ ከጎኔ ተቀምጠሽ ነው የናፈቅሁሽ?»

«እሷ እንድትልሽ ፈልጌ ነው ሾሾ። ብላሽ አታውቅማ።»

«በየቀኑ ትለኝ ነበር» አልኳት። «አጥፊው።»

አጠፋችው። ከጆሮዬ ግን አልጠፋም። ጌጤን ሳስብ ፊት ፊት የሚመጣው ያ የማሽኑ ማር ነው፤ የሷን ስድብ ለማግኘት ስልኩን መክፈት አለብኝ። ልጅቷን ይቅር ብያታለሁ። ይህን ግን ገና አልነገርኳትም፤ ትንሽ ትቆይ።

ከእውነተኞቹ የመጨረሻው አሁንም አለ። ወፍጮው ይጮኻል፣ ትንፋሿ ያፏጫል። «አንቺ ደንቆሮ! ስልክሽን አታነሺም? ወይስ ዝሆኖችሽ በሉሽ? መልሺ እንጂ፣ ሰው ይጠብቃል እዚህ!» ይላል። ያን ዕለት ለዚህ የሚመጥን ስድብ አልመጣ ብሎኝ፣ ቆይ እንዲበስል ብዬ አሳደርኩት። በነጋታውም አልመጣልኝም፤ ግልገሉን ዝሆን ብቻ ላክሁላት።

አሁን መጥቶልኛል። እንዲህ ያለ ስድብ በዕድሜዬ አውጥቼ አላውቅም፤ ጌጤ ብትሰማው መልስ አጥታ ትሰነብት ነበር። ስልኩን አንሥቼ አፌ ላይ እደቅነዋለሁ። ፎቶዋ ያየኛል። ከዚያ መልሼ ጭኔ ላይ አስቀምጠዋለሁ።