ከመጨረሻው ዘፈን ጀምሮ

«ቤቱ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይሸታል» አለ ሩዲ ጋርሳ፣ ከባዱን የቴፕ ማጫወቻ ታቅፎ በሩን በትከሻው እየገፋ።

ኦርሊን ፊቷን አኮሳተረች። «ኪያር እየዘፈዘፍኩ ነው። ካስጠላህ መስኮቱን ክፈተው።» ከሂውስተን ድረስ ነድቶ የመጣ እንግዳ ገና ሳይቀመጥ ወጥ ቤቷን ያናናቀ መስሏት ነበር።

«ኧረ እትዬ ኦርሊን፣ ኪያርዎን ምን አልኩት? የቴፕ ክር ሲያረጅ እንደዚህ ነው የሚሸተው። የት አስቀመጡት?»

ወደ ፍራፍሬ ማድረቂያዋ በኩራት ጠቆመችው። ክሩን ኮክ በምታደርቅበት ማሽን ውስጥ ከንጋት ጀምሮ እያሞቀችው ነበር። አሮጌ ክር ሳይሞቅ ከተጫወተ ድምፁን የያዘው ሽፋን ይላጣል ብሎ የመከራት ሆሊስ ነው፤ የ«ረግረግ ፋኖሶች» ባንድ ከበሮ መቺ። በአባቷ ጋራዥ ጊታር ሲያስጮሁ ከነበሩት አምስት ልጆች በሕይወት የቀሩት እሱና ኦርጋን ተጫዋቿ ኦርሊን ብቻ ናቸው።

ሩዲ ማጫወቻውን አስቀምጦ የማድረቂያውን ገመድ ነቀለ። ጥቅሉን አውጥቶ ወደ መስኮቱ ከፍ ሲያደርገው ፀሐይዋ በክሩ ውስጥ አልፋ ጣቶቹን የሻይ ቀለም ቀባቻቸው።

«ለስንት ሰዓት ሞቀ?» አለ ዝግ ባለ ድምፅ።

«ለአራት ሰዓት። ምነው?»

ቀስ ብሎ አስረዳት። የሚሞቁት ከ1970ዎቹ ወዲህ የተሠሩት፣ ብርሃን የማያሳልፉት ክሮች ናቸው። ይሄኛው በ1967 የተቀዳ ነው፤ የዚያን ጊዜ ክር ሙቀት ሲነካው ይጣመማል፣ ይደርቃል፣ እንደ ደረቅ ቅጠል ይሰበራል። ምክሩን በግማሽ የሰማ ሁሉ የሚሠራው ስህተት ነው አላት።

ኦርሊን ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ዘፋኙ ወንድሟ ክሌተን በሃያ ሁለት ዓመቱ መንገድ ላይ ነው የሞተው። የባንዱ አልበም በሸክላ ሲታተም አሳታሚው ረዘመ ብሎ የመጨረሻውን ዘፈን ቆርጦ ጣለው። ያ ዘፈን ከዚህ ክር በቀር የትም የለም። አሁን አንድ ትንሽ የሙዚቃ ቤት አልበሙን ከነዘፈኑ ዳግመኛ ሊያሳትመው ነው፤ ሩዲም የመጣው ለዚሁ ነበር። የወንድሟን ድምፅ በገዛ እጄ ገደልኩት ብላ አሰበች።

ስልኩ ጮኸ። ሆሊስ ነው፤ ገና ሳታናግረው «በሰለ ወይ?» ብሎ ሳቀ። የሆነውን ስትነግረው፣ «እኔኮ ከበሮ መቺ ነኝ። እኔን ስሚ ማን አለሽ?» አላት። ድምፁ የሚያለቅስ ሰው ይመስል ነበር። ስልኩን ዘጋችው።

«ሁለት መንገድ አለን» አለ ሩዲ። ሰሜን ያለ አንድ ባለሙያ ጋ ሊልኩት ይችላሉ፤ ወረፋው ግን አንድ ዓመት ነው፣ ክሩ ደግሞ በየወሩ እየባሰበት ይሄዳል። አለበለዚያ ዛሬውኑ ይሞክሩታል። ችግሩ፣ በስቱዲዮ ልማድ ክሩ የተጠቀለለው መጨረሻው ወደ ውጭ ሆኖ ነው። ለመጫወት መጀመሪያ ወደ ኋላ መጠቅለል አለበት። «ሁለት ጊዜ መጎተት የሚችል አይመስለኝም» አለ።

ኦርሊን የተቆለመመውን የክሩን ጠርዝ ለረጅም ጊዜ ተመለከተችው። ያኔ በጋራዡ ልጆቹ ክር ገልብጠው እያጫወቱ፣ ድምፃቸው ወደ ኋላ ሲሄድ በሳቅ ይፈርሱ ነበር።

«አትጠቅልለው» አለች።

«እንዴት?»

«እንዳለ ይሂድ። ከመጨረሻው ዘፈን ጀምሮ፣ ከኋላ ወደ ፊት። በኮምፒውተርህ ትገለብጠው የለም እንዴ?»

ሩዲ ቀና ብሎ አያት። «እገለብጠዋለሁ። ግን እትዬ ኦርሊን፣ መሐል ላይ ቢበጠስስ...»

«አውቃለሁ። አስነሳው።»

ሩዲ ኮምፒውተሩን ከማጫወቻው ጋር አገናኘና ማሽኑ መዞር ጀመረ። መጀመሪያ የራሷ ኦርጋን ትንፋሽ ወደ ውስጥ እንደሚስብ ሰው ሆኖ መጣ፤ ቀጥሎ ክሌተን፣ ቃላቱ ሁሉ ተገልብጠው። ክሩ እየተንጣጣ ሄደ። ኦርሊን የጠረጴዛውን ጠርዝ ጨብጣ የቀረውን ጥቅል ውፍረት ብቻ ታይ ነበር።

የመጨረሻው ዘፈን እስከ መነሻው ድረስ ሳይበጠስ ኮምፒውተሩ ላይ ተቀዳ። ከዚያ በኋላ ክሩ ሁለት ጊዜ ተበጠሰ፤ ሩዲም ሁለቱንም ጊዜ በማጣበቂያ ቀጥሎ ማሽኑን እንደገና አስነሳው።