ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞሩ ዘላዮች

ጉልበቴን የበላው ጃንጥላ ነው። ሰው ሲጠይቀኝ ብርድ ነው እላለሁ፤ መንዝ ላይ ተቀምጠህ ብርድ ነው ካልክ ማንም አይከራከርህም። እውነቱ ግን የድሮው የዝላይ ጃንጥላ ነው። የዛሬዎቹ አራት ማዕዘን ናቸው አሉ፤ በስልክ አይቻቸዋለሁ፣ ልጆቹ ራሳቸው ላይ ካሜራ አስረው እየሳቁ ይወርዱና እንደ ቆቅ ቀስ ብለው ያርፋሉ። የእኛው ክብ ነበር። ነፋስ ወደ ወደደው ይወስድሃል፣ መሬት ላይ ያፈርጥሃል፣ ተነስተህ አቧራህን ታራግፋለህ፣ ሕዝብ ያጨበጭባል። ጭብጨባው እዚያው ስታዲየሙ ውስጥ ቀረ። ጉልበቱ ነው ተከትሎኝ እዚህ መንደሬ ዘመሮ የመጣው።

አስር አለቃ አባይነህ እባላለሁ። ማዕረጉ የሚያገለግለኝ ለቅሶ ቤት ወንበር ሲለቀቅልኝ ብቻ ነው። በወጣትነቴ አየር ወለድ ነበርኩ፤ ኋላ በበዓል ቀን ለሕዝብ ከሚዘልሉት፣ ከትርኢት ቡድኑ ገባሁ። ዝላይ ለጦርነት ብቻ ሳይሆን ለስፖርትም እንደሚሆን ያስተማረን አንድ ፈረንጅ አሠልጣኝ ነበር። አገሩ ሲገባ ለእኔና ለጓደኛዬ ለአፈወርቅ አንድ ካርቶን ሙሉ የዝላይ መጽሔት ትቶልን ሄደ። ቋንቋውን አናውቀውም። ሥዕሉን ግን ማታ ማታ አልጋ ላይ ተጋድመን፣ ይኼኛው እግሩን አጥፏል፣ ያኛው አንገቱን ደፍቷል እያልን ስንተቸው እናመሽ ነበር። እኛን ማን ተቺ እንዳደረገን እንጃ!

አፈወርቅ እዚሁ መንዝ፣ የቀየት ልጅ ነው። ጃንጥላ ሲያጥፍ ቄስ ልብሰ ተክህኖውን የሚያጥፍ ይመስል ነበር። ክረምት ላይ ጃንጥላው ጭቃ ውስጥ ተነክሮ እኔ ጫፉን ይዤ ልመነጭቀው ስል እጄን ቸብ ያደርገኝና፣ “ጨርቁን ከጭቃው አትጎትት፤ ጭቃውን ከጨርቁ አውርድ!” ይለኛል። ውኃ ከበስተኋላው እያፈሰሰ ቀስ ብሎ ያለቅቀዋል። አንድም ጃንጥላ ተቀዶበት አያውቅም።

ከሰማይ ስንት ጊዜ ወርዶ ጥፍሩ ያልተነቀለ ሰው፣ ሰሜን ዘምቶ በእግሩ ሲሄድ ቀረ። አስከሬኑ አልተገኘም፤ መቃብር የለውም። ሚስቱ ያኔ ነፍሰ ጡር ነበረች። መንግሥት ሲለወጥ ደግሞ የወታደር ፎቶ ያስጠይቃል ተባለና ያላትን ፎቶ ሁሉ ምድጃ ውስጥ ከተተችው። አልፈርድባትም። እኔም የራሴን ፎቶዎች ከደንብ ልብሴ ጋር ጉድጓድ ቆፍሬ ቀብሬያለሁ። መጽሔቶቹን ብቻ እናቴ ጎታ ውስጥ ከገብሱ ሥር ደብቄ አተረፍኳቸው፤ እስከ ዛሬ ገብስ ገብስ ይሸታሉ።

ከመካከላቸው አንዱ አሠልጣኙ ኋላ በፖስታ የላከልን ነው። እኛ አለንበት። አፈወርቅና እኔ አውሮፕላኑ አጠገብ ቆመን፣ ጃንጥላችንን ታጥቀን፣ እጄን ትከሻው ላይ ጣል አድርጌ። ስማችንን እንኳ አልጻፉትም፤ “ሁለት ኢትዮጵያውያን ዘላዮች” ይላል አለኝ ያነበበልኝ አስተማሪ። ይበል። ፊታችን ጥርት ብሎ ይታያል፤ እሱ ይበቃል።

ባለፈው ጥቅምት መሐል ሜዳ ከተማ ለቅሶ ላይ ከአንዲት አስተማሪ ጎን ተቀመጥኩ። ቀየት ነው የማስተምረው አለችኝ። ስሟን ብጠይቅ ወሰንየለሽ አፈወርቅ። ደነገጥኩ። የማን አፈወርቅ? ብዬ ስጠይቅ የአያቷንም ስም ጠራችልኝ። እሷው ናት፤ ያቺ በሆድ የቀረችው።

“አባቴን ያውቁታል ጋሼ?”

“አውቀዋለሁ ወይ ትይኛለሽ? እኔ ቤት ፎቶው አለ እኮ!”

ለቅሶው የሌላ ሰው ሆኖ ሳለ እሷ የራሷን አለቀሰች። “መልኩን አላውቀውም። በህልሜ ሲመጣ እንኳ ጀርባውን ሰጥቶኝ ነው የሚሄደው” አለችኝ። የኅዳር ጊዮርጊስ ዋዜማ፣ ከትምህርት ቤት ስትወጣ፣ እኔ ቤት ልትመጣ ተቀጣጠርን።

አሁን ወደ ጉዱ ልምጣ። የዚያ ወር የጊዮርጊስ ማኅበር ተራው የእኛ ነበር። ተራ የደረሰው ሰው ቤት ምን እንደሚሆን ለመንዝ ሰው አይነገርም፤ ጠላው ይጠመቃል፣ ዳቦው ይደፋል፣ ግድግዳው በወረቀት ይለጠፋል። ባለቤቴ አሰጋሽ ድሮ ለዚህ ጋዜጣ ከመሐል ሜዳ በኪሎ ታስገዛ ነበር። ዛሬ ጋዜጣ የት አለ? ሁሉም ስልክ ውስጥ ገባ። ስልክ ደግሞ ግድግዳ ላይ አይለጠፍ። ሳምንቱን ሙሉ “ወረቀት፣ ወረቀት” ስትለኝ ከረመች፤ እኔ ዝም። ያንን መጽሔት ከካርቶኑ አውጥቼ ለወሰንየለሽ ብዬ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩትና ጉልበቴን ለመታየት መሐል ሜዳ ሄድኩ። መኪና አጥቼ እዚያው አደርኩ።

በማግስቱ፣ ዋዜማው ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ እያነከስኩ ቤቴ ስገባ እንግዳ የምንቀበልበት ክፍል በርቷል። ከመኝታ ቤቱ የሚለየው የእንጨትና የጭቃ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች አብረቅርቋል። ሰማያዊ፣ ቀይ፣ ብጫ። አሰጋሽ እጇ ላይ የደረቀ የሊጥ ሙጫ እየፈገፈገች በኩራት ቆማለች።

“እንዴት ነው? መምሬ ገብረ ሥላሴ ነገ ‘የማን ቤት ገባሁ’ ነው የሚሉት!”

ካርቶኑን አየሁት። ባዶ ነው። ጠረጴዛውን አየሁ። ባዶ ነው።

“ጠረጴዛ ላይ የነበረውስ?”

“እሱንማ አስቀድሜ ለጠፍኩት። ሳምንት ሙሉ ስለምንህ ዝም ብለህ ከርመህ፣ አውጥተህ ብታስቀምጥልኝ ጊዜ፣ እሰይ፣ ፈቀደልኝ አልኩ።”

“አንቺ ሴት፣ ገደልሽኝ!” አልኩ። ጮኼም አላቆምኩ። ዱላዬን ወረወርኩ። ሰው ላይ አይደለም፤ ካርቶኑ ላይ። ከዚያ መደቡ ላይ ተቀመጥኩ። ደከመኝ። የዚያን ዕለት ድካም የመንገድ ድካም አልነበረም፤ ዕድሜ ልኬን ስሸከመው የኖርኩትን ነገር አድርሼ በር ላይ የተደፋብኝ ያህል ነው የደከመኝ።

ግድግዳውን ቀና ብዬ ቃኘሁት። ጫማ አለ፣ መነጽር አለ፣ ሰዓት አለ፣ ጽሑፍ አለ። አንድም የሚዘል ሰው የለም።

“ዘላዮቹ የት ሄዱ?”

“ወደ ውስጥ አዞርኳቸዋ! በጊዮርጊስ ዕለት ማኅበርተኛው ሰው ከሰማይ ቁልቁል ሲወድቅ እያየ ጽዋ ሊያነሳ ነው? ሟርት ነው እንጂ!”

ስለ ወሰንየለሽ የነገርኳት “ዋዜማው ቀን እንግዳ ትመጣለች” ብዬ ብቻ ነበር። ያኔ ሁሉንም ነገርኳት፤ የአፈወርቅ ልጅ መሆኗን፣ የአባቷን መልክ አይታ እንደማታውቅ፣ ያለው አንድ ፎቶ እሱ ብቻ መሆኑን። አሰጋሽ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች።

“ታዲያ ይኼን ሁሉ ዓመት ለምን አልነገርከኝም?”

“ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ?”

“ተናግረህ ታውቃለህ? አንተ እቴ፣ ያን ካርቶን እንደ ታቦት ሸፍነህ ይዘህ!”

እውነቷን ነው። ግን ያን ጊዜ እውነት ምን ያደርግልኛል።

የእኛ ፎቶ ጀርባው የቡትስ ጫማ ማስታወቂያ ነው፤ አንድ ትልቅ ቡኒ ቡትስ። ከመስኮቱ በታች አገኘሁት። መጀመሪያ የአንድ ሌላ ገጽ ጠርዝ በጥፍሬ ልልጥ ሞከርኩ። ላዩ ተልጦ እጄ ላይ ቀረ፣ ሥሩ ከጭቃው ጋር ቀረ። የሥዕሉ ወገን ነው ከጭቃው ጋር የተጣበቀው። ቡትሱን እንዲህ ብልጠው አፈወርቅ ግድግዳው ላይ ይቀራል።

ይህን እያየን ሳለ ወሰንየለሽ ከውጭ “ቤቶች!” አለች።

አሰጋሽ ሄዳ አስገባቻት። ልጅቷ ለብሳ ነው የመጣችው፤ ነጭ ቀሚስ፣ አዲስ ነጠላ፣ ስኳርና ሻይ ቅጠል በፌስታል። ሰው ለማየት እንጂ ወረቀት ለማየት የመጣች አትመስልም። ቆሜ መሳም አቃተኝ። ዙሪያውን አየች፣ ከዚያ እኔን።

“የት አለ ጋሼ?”

በጣቴ ቡትሱን አሳየኋት። ነገሩን ያስረዳቻት አሰጋሽ ናት፤ ምንም ሳትደብቅ፣ “እኔ ነኝ ያደረግሁት፣ ልጄ፣ አላወቅሁም” እያለች። ወሰንየለሽ አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ሄዳ መዳፏን ቡትሱ ላይ አሳረፈች።

“አሁንም ጀርባውን ሰጠኝ” አለች።

 እጄን አንስቼ ወረቀቱን ልመነጭቀው ተነሳሁ። ቀድጄ፣ ቧጥጬ፣ የተገኘውን። ያኔ ነው የአፈወርቅ ድምፅ የመጣልኝ። ጨርቁን ከጭቃው አትጎትት።

“ቆይ” አልኩ። “ወረቀቱን አንነካውም። ጭቃውን ነው የምናወርደው። አሰጋሽ፣ ቢላዋ አምጪ። ሳፋ ውኃም።”

ገባት። ምርጊቱን ራሷ ናት የመረገችው፤ የትኛው ቦታ ስንት ጣት እንደሚወፍር ታውቃለች። በነጋታው ማኅበርተኛ የሚቀመጥበትን ግድግዳ በቢላዋ ልትቦድስ መሆኑን አውቃ ተንበረከከች። የቡትሱን ዙሪያ መቁረጥ ጀመረች። ጭቃው እየተፈረፈረ ንጹሑ ወለል ላይ ወረደ። ግማሹን ዞራ እጇን ገታች።

“ቋሚው እዚህ ጋ ነው” አለች። “ከእንጨቱ ላይ ምርጊቱ ስስ ነው፣ ይሰነጠቃል። ከጫማው አፍንጫ ሥር ያልፋል። ከዚህ ጀርባ ማን ነው ያለው?”

ገጹን ብርሃን ላይ ይዤ ስንቴ አይቼዋለሁ። ተረከዙ ጋ አፈወርቅ ነው።

“እኔ ነኝ” አልኳት።

ቢላዋውን አነሳችው። “የወጣትነት ፎቶ እኮ ሌላ የለህም። እኔ እንኳ በጎልማሳነትህ ነው ያገኘሁህ። ቀስ ብዬ ሁለታችሁንም ልሞክር?”

ዋሽቼ አልናገር፤ ሳሳሁ። ያን ፊት እኔም እወደዋለሁ። ጉልበቱ ጤነኛ ነበር፣ ጥርሱ ሙሉ ነበር፣ ሰማዩን አይፈራም። ካርቶኑን እከፍት የነበረው ለአፈወርቅ ብቻ ብዬ እንዳይመስላችሁ።

“ሁለቱንም ስትይ ሁለቱንም ታጪያለሽ” አልኳት። “በእኔ ላይ ቁረጪው።”

“አባይነህ…”

“ቁረጪው አልኩሽ እኮ!”

ቆረጠችው። የጫማው አፍንጫ ከቋሚው ጋር ተሰንጥቆ ፍርክስክስ ብሎ ወረደ። የቀረውን፣ ተረከዙን ከነጭቃው፣ ሦስታችን በስድስት እጅ ተቀብለን ሳፋው ውስጥ አስተኛነው። እኔ ውኃውን ከላይ በጣሳ አፈሰስኩ። ጭቃው ቀስ እያለ ሟሟ። አልጎተትንም። ጭዱን አንድ በአንድ ለቀምነው። ውኃው ሲደፈርስ አሰጋሽ ትቀይራለች፣ እኔ አፈሳለሁ፣ ወሰንየለሽ ትንፋሿን ይዛለች። የሊጥ ሙጫው እንደ አተላ ተንሳፈፈ።

ወሰንየለሽን “አሁን አንቺ ገልብጪው” አልኳት።

በሁለት መዳፏ አነሳችና ገለበጠችው። አፈወርቅ አያት። ግንባሩ ላይ ትንሽ ተፍቋል እንጂ ዓይኑም፣ አፍንጫውም፣ ያ እንደ ጽዋ ጆሮ የወጣው ጆሮውም ደህና ነው። ልጅቷ ነጠላዋን ወደ ኋላ ጣለችና የራሷን ጆሮ በጣቷ ነካች። አልጮኸችም። “አባዬ” አለች፣ ልክ ከበር ሲገባ እንዳየችው ሁሉ። አሰጋሽ ግን አልቻለችም፤ ምርር ብላ አለቀሰች።

እኔ ወለሉ ላይ የተፈረፈረውን እያየሁ ተቀምጬ ነበር። እዚያ ውስጥ የትኛው ቁራጭ እኔ እንደሆንኩ አይለይም። አሰጋሽ ነገ ትጠርገዋለች፤ ቀዳዳው ላይ የሱፍ ባና ትሰቅልበታለች። መምሬ ገብረ ሥላሴ ምንድን ነው ሲሉም መልስ አታጣም።

“ጋሼ” አለች ወሰንየለሽ። ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግታ እያየች ነው። “ትከሻው ላይ ያለው እጅ የማን ነው?”

ተነስቼ አየሁ። ክንዱ ተቆርጦ ሄዷል፣ ባለቤቱም ሄዷል። እጁ ብቻ አፈወርቅ ትከሻ ላይ ቀርቷል፤ ጥብቅ አድርጎ ይዞታል።

 አሰጋሽ በአገጯ ወደ እኔ አመለከተቻት።

ወሰንየለሽ የአባቷን ፎቶ በአንድ እጇ እንደያዘች በሌላው እጄን አነሳችው። ገልበጥ አድርጋ አየችው። እስከ አንጓው ጭቃ ነበር። ሳትጠርገው ሳመችው።