የሁሉም ገጽ ራስጌ

የቤተ ክርስቲያናችንን የመቶኛ ዓመት መጽሐፍ ያበላሸሁት እኔ ነኝ። አሁን ስጽፈው ቀላል ይመስላል፤ ያኔ ግን ይህቺን ለመናገር ስምንት ቀን ፈጅቶብኛል።

ሰሜን ሚኒሶታ ያለችው ትንሿ የሉተራን ቤተ ክርስቲያናችን በየዐሥር ዓመቱ የአባላቷን ፎቶ የያዘ መጽሐፍ ታሳትማለች። የቀድሞዎቹን ያዘጋጁት ወይዘሮ ላቮን ናቸው፤ ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። ዘንድሮ ጸሐፊዋ እኔ ስለሆንኩ አሮጌ ፋይላቸውን በፍላሽ አምጥተው፣ «በዚህ ላይ ብትሠሪ ይቀልሻል» አሉኝ። አመስግኜ ተቀበልኩና ሳልከፍተው መሳቢያ ውስጥ ጣልኩት። አሮጊት ልታስተምረኝ ነው? ኩራት ነበር፤ ሌላ ስም የለውም።

መጽሐፉ ሦስት ክፍል ነበረው፤ መሥራቾች፣ ቤተሰቦቻችን፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ያረፉ አባሎቻችን። በየገጹ አናት የየክፍሉ ስም መጻፍ አለበት፤ ራስጌ የሚሉት ነው። ክፍሎቹን ለያየሁ። ግን ኮምፒውተሩ የአንዱን ክፍል ራስጌ ከቀዳሚው ጋር አያይዞ እንደሚይዝ፣ ማያያዣውንም በየክፍሉ ማጥፋት እንዳለብኝ አላወቅሁም። የመጨረሻውን ስጽፍ የሁሉም ተለወጠ። እኔ አዋቂዋ መለስ ብዬ እንኳ ሳላይ ለማተሚያ ቤት ላክሁት።

እሑድ ከአምልኮ በኋላ ምድር ቤት ምሳ እየበላን መጽሐፉ ታደለ። ባለፈው ወር የተጠመቀው ሕፃን ሳይቀር «ያረፉ አባሎቻችን» ከሚለው ሥር ፈገግ ብሏል።

የወይዘሮ ላቮን ባል አቶ ኤይናር ከሆስፒታል ከወጡ ገና ሳምንታቸው ነው። መጽሐፉን ዓይናቸው ሥር አስጠግተው አነበቡና፣ «እኔስ እሺ፣ መንገድ ላይ ነኝ። ፓስተሩን ግን ለመቅበር ምን አስቸኮላችሁ?» አሉ።

ቤቱ በሳቅ አውካካ። ወይዘሮ ላቮን አልሳቁም።

«ማርሊስ፣ ምን ሆኖ ነው?» አለኝ ፓስተሩ።

«የወይዘሮ ላቮን ፋይል ላይ ነው የሠራሁት፤ ከዚያው የመጣ ነው» አልኩ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ምላሴን በቆረጠው!

ወይዘሮ ላቮን ጠረጴዛውን ተደግፈው ተነሡ። «ይቅርታ አድርጉልኝ፤ የኔ ጥፋት ነው» አሉ፣ ለሁሉም እንዲሰማ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። እሷ አልዋጠችኝም፤ እኔም ድንቼን በላሁ።

በሳምንቱ ሰኞ ጠዋት ቢሮ መጡና አጠገቤ ተቀመጡ።

«የኔ ልጅ፣ እስቲ የተሳሳትኩበትን አሳዪኝ። ያን ማያያዣ በየክፍሉ ማጥፋቴን እኮ በደንብ ነው የማስታውሰው።»

«ኧረ ይተዉት፣ ያለፈ ነገር ነው» አልኩ።

«አይ፣ አይተውም። እናቴንም እንዲህ ነው የጀመራት። አድርጌያለሁ ትላለች፣ አላደረገችም። ለኤይናር መድኃኒት የምሰጠው እኔ ነኝ፤ ትናንት ሰጥቼው ይሁን ሳልሰጠው ተጠራጠርኩ። እንቅልፍ ከወሰደኝ ሳምንቴ ነው። ለሐሙስ ሐኪም ቤት ቀጠሮ ይዣለሁ፣ ጭንቅላቴን እንዲያዩልኝ።»

እኔ የአንድ ምሳ ኀፍረት ብቻ ያሸከምኳቸው መስሎኝ ነበር።

«ፋይልዎን ከፍቼው አላውቅም» አልኩ። «ጥፋቱ የኔ ነው። እርስዎ ላይ ዋሸሁብዎት።»

ትክ ብለው አዩኝ። ቢሰድቡኝ ምንኛ ደስ ባለኝ! እሳቸው ግን ከቦርሳቸው ስልክ አውጥተው ደወሉ።

«የሐሙሱን ቀጠሮ ሰርዙልኝ» አሉ። «የለም፣ ሌላ ቀን አልፈልግም። ደህና ነኝ።» እንደገናም፣ «ደህና ነኝ እኮ» አሉ።

ስልኩን ዘግተው አለቀሱ። መሐረብ ጠረጴዛዬ ላይ ነበር፤ ላቀብላቸው እንኳ አፈርኩ።