ለተወካዩ የተሞላው ሮቶ

የትምህርት ቤቱ ቧንቧ ከደረቀ ሁለት ዓመት አልፎታል። ከመካነ ብርሃን ወዲያ ባለችው በዚያች የደጋ ቀበሌ ሴቶቹ ተማሪዎች ክፍለ ጊዜያቸውን እየተዉ ወንዝ ይወርዳሉ፤ ፈተና ሲደርስ ደግሞ "ሴቶቹ ሰነፉ" ይባላል። ዳግማዊት የሥነ ዜጋ ክበቡን አሳምና የምክር ቤት ተወካያቸውን አቶ ሙሉሰውን ያስጠራችው ይህ ነገር አንገፍግፏት ነው። ወላጆቻችን መርጠዋቸዋል፣ መጥተው ይስሙን አለች። ጥያቄውን የምታቀርበውም እሷው ናት።

እሳቸውም እመጣለሁ አሉ። ከምርጫው ወዲህ ያቺን ቀበሌ ረግጠዋት ስለማያውቁ ሰው ሁሉ ተገረመ።

በዋዜማው ለምሳው በግ ተገዛ። "እጃቸውን በምን ይታጠባሉ?" ብላ የጠየቀችው እንግዲህ ራሷ ዳግማዊት ናት። እንግዳ ጠርቶ ደረቅ ቧንቧ ማሳየት ነውር ነዋ! ክበቡ በሙሉ ጀሪካን አዝሎ ዳገቱን ሲመላለስ ዋለ፤ ከቧንቧው ጋር የተያያዘው ሮቶ እስኪሞላ ወገባቸው ተቆረጠ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን እየጣለች መሆኑን ያኔ ማን ይንገራት?

አቶ ሙሉሰው ረፋዱ ካለፈ በኋላ በመኪና ደረሱ። ቧንቧውን ከፍተው እስከ ክርናቸው ታጠቡ፣ ፊታቸውንም ደጋገሙት፣ ከዚያም ሳይዘጉት ወደ ምሳው ሄዱ። ዳግማዊት ሮጣ ዘጋችው።

ከጥብሱ በኋላ በአዳራሹ ስብሰባ ላይ ተነሥታ የውሃውን ችግር ተናገረች።

"ምነው ልጄ፣ ቅድም በምን ታጠብሁ? በጠላ ነው?" አሏት አቶ ሙሉሰው።

ተሰብሳቢው ሳቀ። ርእሰ መምህሩ አቶ ቢያዝንም አብረው ሳቁ፤ ከሁሉ የከፋት የእሳቸው ሳቅ ነው።

"እኛ ከወንዝ ተሸክመን ሞልተነው ነው" አለች።

አቶ ሙሉሰው ብድግ ብለው አጨበጨቡ። "ሸጋ! የዜጋ ተሳትፎ ማለት ይኸ ነው! መንግሥትን ሳይጠብቁ ችግርን በራስ ጉልበት መፍታት! ይኸ ተሞክሮ ተቀምሮ ለሌሎች ትምህርት ቤቶች ይሰፋል።"

ሁሉም አጨበጨበ። ዳግማዊት ማልቀስ አማራት፤ ከማልቀስም ይልቅ መሳደብ። ሁለቱንም ሳታደርግ ተቀመጠች።

በሳምንቱ አቶ ቢያዝን ክፍሏ ድረስ መጡ።

"ዳግማዊት፣ ነገ የጎረቤት ትምህርት ቤት ተማሪዎች ለልምድ ልውውጥ ይመጣሉ። ክበቡን ይዘሽ ውረጅ፣ ሮቶው ባዶ ነው።"

ዳግማዊት እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ተነሣች። የሒሳብ መምህሩ ገና ሰሌዳውን መጥረጋቸው ነበር።