ውሃው የት ገባ?

ጡረታ የወጣው ቀለም ቀቢ ሚስቱን ወደምታስተምርበት የልብስ ስፌት ማሠልጠኛ ሊያደርሳት ጠዋት የመኪናዋን ኮፈን ሲከፍት፣ የራዲያተሩ ውሃ ማጠራቀሚያ ባዶውን ጠበቀው። ክዳኑን በእጁ እንደያዘ ቆመ። ትናንት እስከ አፉ ሞልቶት ነበር። ሞልቶት ነበር?

«አንቺ፣ ትናንት ውሃ ስጨምር አላየሽኝም?»

«ልጨምር ብለህ ስትወጣ አይቻለሁ» አለች ሚስቱ፣ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ እያስተካከለች። «ስትጨምር አይቻለሁ» ግን አላለችም።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ስቀው ያልፉት ነበር። አሁን ግን ሰውዬው ራሱን ማመን ካቆመ ሰንብቷል። መነጽሩን ፍሪጅ ውስጥ ከቶ ቤቱን ሲያተራምስ ውሏል። ፋርማሲስት ልጁን በሟች እህቱ ስም ጠርቷታል። እሷም «አቤት» ብላ አለፈችው፤ ኋላ ግን ከእናቷ ጋር ጓዳ ገብተው ሲንሾካሾኩ ሰማ። የሐኪም ቀጠሮ የተያዘለት ከዚያ ወዲህ ነው።

ውሃውን ሞላ። ማታ ሚስቱን ከማሠልጠኛው ይዟት ሲመለስ ከመኪናዋ ሥር ካርቶን ዘረጋ። በማግሥቱ ካርቶኑ ደረቅ ነው፤ ጠብ ያለ ነገር የለም። ማጠራቀሚያው ውስጥም የለም። እውነትም ውሃው የውሃ ሽታ ሆነ። መሬት ካልጠጣው ማን ጠጣው? ወይስ መጀመሪያውንም አልሞላውም? ጀሪካኑን ማንሳቱን ያስታውሳል፤ ግን የትናንቱን ይሁን የአምናውን መለየት አቃተው።

«ነይ እስኪ፣ ቁሚና እይኝ» አላት።

«እንደ ሕፃን ልጠብቅህ?»

«ጠብቂኝ።»

ቆማ አየች። ውሃው ምልክቱ ጋ ደረሰ፤ ክዳኑም ጠበቀ። በማግሥቱ ኮፈኑን የከፈተችው እሷ ናት። ባዶ። አጎንብሳ ካርቶኑን በመዳፏ ዳበሰችው። ደረቅ።

«ኧረ በፈጣሪ! እኔንም ጀመረኝ መሰለኝ!»

ሳቁ፤ ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም። እንደገና ሞልተው ወጡ። ዳገቱን ሲጀምሩ የሙቀቱ መርፌ ቀዩን ነካ፤ ከኋላቸው ነጭ ጭስ መንገዱን አለበሰው። ዳር ይዞ አቆመና ጨርቅ ጠቅልሎ የራዲያተሩን ክዳን ሊከፍት ሲል ሚስቱ ክንዱን አፈፍ አደረገችው።

«እንዳትነካው! ፊትህን ይገሸልጥሃል!»

እስኪበርድ የመንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀመጡ።

«ሞልቼው ነበር አይደል?»

«ሞልተኸዋል። በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ።»

«ታዲያ የት ገባ?»

«እኔ ምን አውቄ!»

መኪናዋ ተጎትታ ጋራዥ ገባች። መካኒኳ የዘይቱን ክዳን ፈታ ውስጡን አሳየቻቸው፤ ወተት የገባበት ሻይ የመሰለ አረፋ ለጥፎበታል።

«አባባ፣ የቴስታታው ጋስኬት ተቃጥሏል። በሞተሩና በላይኛው ክዳኑ፣ በቴስታታው መሃል ያለች ስስ ሽፋን ናት። እሷ ስትቃጠል ውሃው ሞተር ውስጥ ይገባል፤ ገሚሱ ተንኖ በጭስ ማውጫው ይወጣል፣ ገሚሱ ይኸው ዘይቱን ይበክላል። መሬት ላይ ቢፈልጉት አያገኙትም።»

«እና እኔ ሞልቼው ነበር?»

ጥያቄው አልገባትም። «እርስዎማ ይሞላሉ፤ ሞተሩ ነው የሚጠጣው።»

ዓይኑ እንባ አቀረረ። መካኒኳ ለመኪናዋ ያዘነ መስሏት «አይዞዎት፣ ትድናለች» አለችው።

ሚስቱ ስልኳን አውጥታ ደውላለች። «ልጄ፣ አባትሽ ደህና ነው! ሞተሩ ነው! ቀጠሮውን ሰርዢው!»

ስልኩን ከእጇ ወሰደው። «እንዳትሰርዢው።»

«ምነው? የተባለውን አልሰማህም?» አለች ሚስቱ።

«ሰምቻለሁ። ውሃውን ሞተሩ ጠጣው። መነጽሬን ፍሪጅ ውስጥ የከተተውስ ማን ነው?»



በቀጠሮው ቀን ሐኪሙ ብዙ ጠየቀው። አንዳንዱን መለሰ፣ አንዳንዱ ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሶ ተመለሰበት። «ዕድሜም ሊሆን ይችላል፣ ሌላም ሊሆን ይችላል» ተባለ፤ ምርመራው ይቀጥላል።

መኪናዋ ቴስታታዋ ተስተካክሎ፣ አዲስ ጋስኬት ገብቶላት ስትወጣ ቁልፉን ለሚስቱ ሰጣት።

«አንቺ ንጂ። መንጃ ፈቃድሽ ሳጥን ውስጥ አረጀ እኮ።»

መሪውን በሁለት እጇ ሙጭጭ አድርጋ ነዳች። መርፌው ከመሃል አላለፈም። መስቀለኛው መንገድ ላይ ሲደርሱ ዞር አለና «ወዴት ነበር የምንሄደው?» አላት።

ፊቱን አየችው። እየቀለደ ይሁን አይሁን መለየት አልቻለችም።

«ወደ ቤት» አለችው።

«መልካም» አለና መስኮቱን ዝቅ አደረገ።