የቁጥር ሠላሳ አንድ ስድብ

ዶክተር ክንፈሚካኤል ምስጢር ይመራመራል። ፍኖተ ሰላም ላይ ከቢሮው በር «የኳንተም ምስጢረ ጽሕፈትና የማኅበራዊ ሚዲያ ጽሑፍ ትንተና ማዕከል» የሚል ሰሌዳ አሰቅሏል። ማዕከሉ እሱ ራሱ ነው። ከኳንተሙም እስካሁን የደረሰው ሰሌዳው ብቻ ነው፤ ቃሉን የጨመረው ያለዚያ ማመልከቻውን የሚያነብለት ስላጣ ነበር።

ጥናቱ ቀላል ነው። ስለ አካባቢው ሰዎች በፌስቡክ የተጻፉ ስድስት መቶ አስተያየቶች ይሰበሰባሉ፤ ሦስት ሰዎች ለየብቻቸው አንብበው «ስድብ» ወይም «ስድብ ያልሆነ» የሚለው ላይ ምልክት ያደርጋሉ፤ ማሽኑ ከእነሱ ይማራል። በሰኔ ካሳተመው ተባባሪ ፕሮፌሰር ይሆናል። ካላሳተመው ዶክተር እንደሆነ ይቀራል፤ ዶክተር ደግሞ ዘንድሮ የትም ሞልቷል።

አንድ ገመና ግን አለበት። ከስድስት መቶው አርባውን የጻፈው ራሱ ነው። «እውነቱ ይውጣ» በሚል የሐሰት ስም ሦስት ዓመት ሙሉ አብሮ አደጉን ዶክተር ያረጋልን ሲሞልጨው ኖሯል። ያረጋል ቡሬ ያስተምራል፤ ኳንተሙን ውጭ አገር ሄዶ የምር የተማረው እሱ ነው፤ ይህም ከጥፋቶቹ አንዱ ነው። ዋናውን ጥፋት ክንፈሚካኤል ለራሱም አይናገረውም። አስተያየቶቹን የለቀመው ፕሮግራም የጌታውን ጉድ አያውቅምና አርባውንም ይዞ መጣ። ማውጣት ይችል ነበር፤ ነገር ግን ከመላው ስብስብ በጥሩ አማርኛ የተጻፈው ስድብ የእሱ ብቻ ስለነበር አሳሳው። የጸሐፊዎቹን ስም በቁጥር ተካ፤ እሱም ሠላሳ አንድ ሆነ። ይህ ቢታወቅ ማዕረጉም ስሙም ገደል ይገባል፤ ማን ያውቅብኛል ብሎ ግን ልቡ ረጋ።

አንባቢዎቹን ከቡሬ መረጠ። መሪጌታ ገብረሰንበት የቅኔ መምህር ናቸው፤ አያ ዘሩ በርበሬና በቆሎ የሚያመርቱ ገበሬ፤ እትዬ እህተ ማርያም ጡረታ የወጡ አስተማሪ። እርስ በርስ እንዳይነጋገሩ አጥብቆ አስጠነቀቃቸው። ሦስቱም ራሳቸውን ነቀነቁ። በዚህ አገር ሽማግሌ ራሱን ነቀነቀ ማለት ሰማ ማለት እንጂ እሺ አለ ማለት እንዳልሆነ፣ እዚያው ተወልዶ አድጎ ዘንግቶታል።

ወረቀቶቹ በሁለተኛው ሳምንት መጡ። የሦስቱም መልስ አንድ ነው፤ ከስድስት መቶው አንድ እንኳ ልዩነት የለም። ይህን የመሰለ ውጤት የሚልክ ተመራማሪ አጭበርባሪ ነው የሚባለው። ይባስ ብሎ በእሱ አርባ አስተያየቶች ላይ ሁለቱም ምርጫ ተሰርዞ በእጅ «ቅያሜ» ተብሎ ተጽፏል። ቅያሜ የሚባል ምርጫ አልሰጣቸውም ነበር።

ሚኒባስ ተሳፍሮ ቡሬ ገባ። ሦስቱ በመሪጌታ ግቢ ከዛፍ ጥላ ሥር አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ያረጋል አለ። ክንፈሚካኤል የመጣበትን በር ዞሮ አየ።

እንደ ምንም ተቀምጦ፣ አትነጋገሩ ተብሎ ለምን እንደተነጋገሩ በትሕትና ጠየቀ። አያ ዘሩ፣ ሽማግሌ ለየብቻው የሚፈርድበት አገር ካለ እንዲያሳያቸው ለመኑት። እትዬ እህተ ማርያም ደግሞ ሥራው ብዙም እንዳልከበዳቸው ነገሩት። ተሳዳቢዎቹን በአነጋገራቸው ከነእናታቸው ስለሚያውቋቸው አብዛኞቹን አስጠርተው ከተሰደቡት ጋር አስታርቀዋል፤ የታረቁትም የጻፉትን አጥፍተዋል። የተባባሪ ፕሮፌሰርነቱ ዳታ ታርቆ አልቋል።

ያስቸገራቸው ቁጥር ሠላሳ አንድ ብቻ ነበር። ከአርባው በዘጠኙ ውስጥ «ለቅሶ መድረስ ያልተማረ ዶክተር» የሚል ቃል አገኙ። የተሰደበውን ያረጋልን ጠርተው የማን ለቅሶ እንደቀረበት ቢጠይቁት አንገቱን ደፍቶ የክንፈሚካኤልን አባት ስም ጠራላቸው።

ክንፈሚካኤል የጸሐፊ ማንነት እንደማይገለጥ፣ የጥናት ሕጉ ይህ እንደሆነ ማስረዳት ያዘ። ሲጨንቀው ኳንተም ውስጥ ገባ፤ በብርሃን ቅንጣት የተላከ የሁለት ሰዎች ምስጢር ሦስተኛ ሰው ሲያየው እንደሚበላሽ ተናገረ። ያረጋል ልክ ነው በሚል ራሱን ነቀነቀ። በሦስት ዓመት ውስጥ የተስማሙበት የመጀመሪያ ነገር ይህ ነው።

መሪጌታ እስኪጨርስ ታገሡት። «እሱ የብርሃኑ ነው፣ ልጄ» አሉ። «የሰው ነገር ግን የሚበላሸው ሦስተኛ ሰው ሳያየው የቀረ እንደሆነ ነው።»

 ክንፈሚካኤል እኔ አይደለሁም ቢል የሚከራከረው አልነበረም፤ ሽማግሌ አያስገድድም፣ ይጠብቃል እንጂ። ክንፈሚካኤል ማዕረጉን አሰበ። ቀጥሎ የአባቱን ቀብር አሰበ፤ አገር ሁሉ ሲያለቅስላቸው እሱ ግን ከውጭ አገር የሚደወል አንድ ስልክ ሲጠብቅ የሰነበተበትን። ያረጋል አገሩ ከገባ በኋላም ከቡሬ ፍኖተ ሰላም የሚያደርስ ሚኒባስ አላገኘም። ከፍቶት ነበር፤ ከፋኝ ከማለት ግን መሳደብ ቀሎት ኖሯል።

«የጻፍሁት እኔ ነኝ» አለ።

ማንም አልደነገጠም። ያረጋል ከአግዳሚው ተነሣ።

«መርዶውን የሰማሁት ከወር በኋላ ነው። በስልክ ማልቀስ አፈርሁና ስመጣ እደርሳለሁ አልሁ። ስመጣ ደግሞ ዘግይቼ ነበር፤ በምን ዓይኔ ልይህ?» ወደ ክንፈሚካኤል ቀረበ። «እግዜር ያጥናህ።»

ክንፈሚካኤል አርባ አንደኛ የሚሆን ጥሩ ስድብ ምላሱ ላይ መጥቶለት ነበር። አፉን ሲከፍት ግን የወጣው ለቅሶ ነው፤ አባቱ በሞቱ በሦስተኛው ዓመት፣ ሬሳው ትናንት የወጣ ያህል። አያ ዘሩ ለሁለቱ ቦታ ለቀቁላቸውና ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ ለቅሶ ቤት እንደሚቀመጡት ሆነው፣ ዝቅ ብለው መሬቱ ላይ ተቀመጡ።