መስኮት ዘግቼ የወደቅሁት ፈተና

በነርስ ትምህርት ቤታችን በመስኮት ምክንያት የወደቀ ሰው የለም። የመጀመሪያዋ እኔ ነኝ፤ ታሪክ ሠርቻለሁ ማለት ይቻላል።

የሰኔው የተግባር ፈተና እንዲህ ነበር። አልጋ ላይ አንዲት የጎማ አሻንጉሊት ተኝታለች። ስሟ ወይዘሮ ሚሊትሳ ነው፤ ትኩሳት ይዟታል ተብሏል። መምህርት ራድሚላ ፊት ቆሜ እጄን ታጠብኩ፣ ሙቀቷን ለካሁ፣ ሁሉም በደንብ ሄደ። በዚህ መሀል የክፍሉ በር ተከፈተና ክፍት ከነበረው መስኮት ጋር ንፋስ ተቀባበለ። እጄ እኔን ሳያማክር ሄዶ መስኮቱን ዘጋው። ቀጠልኩና ብርድ ልብስ ደረብኩላት። መምህርቷ ቀጥሎስ ምን ታደርጊያለሽ ስትለኝ፣ በፕሪም አረቄ የተነከረ ካልሲ አጠልቅላታለሁ አልኩ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

ከአምስት አንድ አገኘሁ። አንድ ማለት ወድቀሻል ማለት ነው። ነሐሴ ላይ ድጋሚ ተፈትኜ ካላለፍኩ ዓመቱን እደግማለሁ፤ ጓደኛዬ ኔቬና ወደ ሦስተኛ ዓመት ስትሄድ እኔ ከጩጬዎች ጋር ልቀመጥ ነው።

ያን ቀን ትራሴን በእንባ አራስኩትና ጥፋቱን ለአያቴ ለዴሳንካ ሰጠሁ። በእሷ ቤት በርና መስኮት አንድ ላይ ከተከፈተ ሰው አለቀለት፤ አንገቱ ይጣመማል፣ ጥርሱን ያመዋል፣ ኩላሊቱን ብርድ ይመታዋል፤ ትኩሳት ደግሞ የሚወርደው በአረቄ ካልሲ ነው። እሷ ግን ጥፋቱን አልተቀበለችም። መምህርትሽ ገና ወጣት ናት፣ ወገቧን ሲይዛት ይገባታል አለች።

ንዴቴ በረድ ሲል አንድ ነገር ገባኝ። ትኩሳት ላለበት ሰው መስኮት ክፈቱ፣ ብርድ ልብስ አንሡ የሚለውን መጽሐፍማ በቃሌ እወጣዋለሁ፤ አልታዘዝ ያለኝ እጄ ነው። እጅ ደግሞ የሚማረው በሥራ ነው። ስለዚህ አያቴን ታማሚ ሁኚልኝ አልኳት።

"መስኮቱ ተከፍቶ?"

"በሩም ጭምር፣ እምዬ።"

"በቃ፣ ሳልድርሽ መሞቴ ነው፣ ኮሳና" አለችና አንገቷን በሻርፕ፣ ወገቧን በሱፍ መቀነት ጠቅልላ አልጋ ላይ ወጣች። ውጪ የሐምሌ ፀሐይ አስፋልቱን ያቀልጣል።

ወሩን በሙሉ እንዲህ ገፋነው። መጋረጃው በንፋስ በተነሣ ቁጥር እሷ ታቃስታለች፣ እኔ እጆቼን ወደ ኋላ አጣምሬ እቆማለሁ። ጎረቤቶች በአጥር እያዩ ያቺ ልጅ አያቷን ልትፈጃት ነው ይላሉ። ታማሚዋም የዋዛ አይደለችም። ውሃ ስሰጣት ቡና ትላለች፤ ሐሜት ከሰማች ቴርሞሜትሩን ከብብቷ መዝዛ ወደ አጥሩ ትሮጣለች። አርፈሽ ታመሚ እያልኩ እመልሳታለሁ። አንድ ከሰዓት ግን ንፋሱ ፀጉሯን እያወዛወዘ እንቅልፍ ወሰዳት። ስትነቃ አንገቷን ወዲያና ወዲህ እያዞረች ሞከረችው። ምንም አልሆነም።

"ለማንም እንዳትናገሪ" አለችኝ።

ነሐሴ ደረሰ። ከመምህርት ራድሚላ ጎን ዶክተር ጋቭሪሎ የሚባሉ ሸበቶ ሰው አብረው ሊፈትኑኝ ተቀምጠዋል። ወይዘሮ ሚሊትሳ ዛሬም አልተሻላትም። መስኮቱን ከፈትኩ፣ ብርድ ልብሱን አነሣሁላት፣ ለብ ባለ ውሃ የራሰ ፎጣ ግንባሯ ላይ አደረግኩ። እጄ አደብ ገዝቷል። ደስ ብሎኝ ዞር ስል ዶክተሩ አንገታቸውን እያሹ ተነሡና መስኮቱን ዘጉት።

መምህርቷ አቀርቅራ ስለምትጽፍ አላየችም። ዝም ብልስ ማን ይጠይቀኛል? የዘጉት ዶክተር ናቸው። ደግሞ ዶክተር አስቀይሜ በድጋሚ ብወድቅ፣ ዓመቱ ገደል ገባ ማለት ነው። ግን ታማሚዋ የእኔ ናት። ሄጄ መልሼ ከፈትኩት።

"ይቅርታ ዶክተር፣ የታመመችው እሷ ናት። እርስዎ እዚያ ጥጉ ጋ ይቀመጡ፤ ንፋስ አያገኝዎትም።"

የመምህርቷ ብዕር ቆመ። ዶክተሩ መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ አሻንጉሊቷን አዩ። ኮሌታቸውን ከፍ አደረጉና ወንበራቸውን ተሸክመው እንደተቀጣ ተማሪ ወደ ጥጉ ሄዱ። ከዚያ ሆነው ይህን ማን አስተማረሽ አሉኝ። አያቴ አልኳቸው፤ ውሸት እንኳ አይደለም።

አራት ሰጡኝ።

አያቴ ግቢ ውስጥ ቀይ ቃሪያ እየጠበሰች ነበር። ውጤቴን ስትሰማ በአጥር ሲያሙኝ የከረሙትን ጎረቤቶች ሁሉ ጠርታ አረቄ ቀዳችላቸው። እነሱም ለጤናዬ ጠጡ። ለእኔ ስትደርስ ግን ጠርሙሱን ከደነች። ነርስ ሥራ ላይ አትጠጣም አለችና የተጠበሰውን ቃሪያ እንድልጥ አስቀመጠችኝ።